ሻምፓኙን ጎምዛዛ ያደረገው ኬኩ ነው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በታናሽ እህቴ ሰርግ ላይ ፓሪስ የሚኖረው አጎታችን ሁለት ጠርሙስ እውነተኛ የፈረንሳይ ሻምፓኝ ይዞ መጣ። ላዩ ላይ ብሩት ይላል። አንዱን ኬክ ሲቆረስ ከፈትነው። ግማሹ በአረፋ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ የቀረውን የቀመሰ ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ጣፋጩ ይሻላል ተባለ። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ደነገጥኩ። እውነት ይህን ያህል ያወጣል? ወይስ ስም ብቻ ነው? ሁለተኛው ጠርሙስ ቡፌ ውስጥ ተቀምጧል፤ ምን ላድርገው?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ለሙሽሮቹ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላቸው።

እንግዶቻችሁ አልተሳሳቱም። ሻምፓኙም አልተበላሸም። ጥፋቱ የኬኩ ነው።

አፍ ክሬም ከቀመሰ በኋላ ስኳር የሌለው መጠጥ ሲመጣበት ይደነግጣል። ኮምጣጣነቱ ከእውነተኛው በላይ ጎልቶ ይሰማዋል። ጠርሙሱ ላይ ያነበብሽው ብሩት የሚለው ቃል የስኳሩን መጠን ነው የሚናገረው፦ በሊትር ከ12 ግራም በታች ማለት ነው። አንድ ሊትር ኮላ ውስጥ ከ100 ግራም በላይ አለ። ከኬክ ቀጥሎ ብሩት መጠጣት እንግዲህ ለሁለቱም አይበጅም። ፈረንሳዮች ራሳቸው በሰርጋቸው ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ብቻችሁን አይደላችሁም።

ጣፋጩ ይሻላል ያሉትንም አትታዘቢያቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሻምፓኝ ማለት ጣፋጭ መጠጥ ነበር። የሩሲያ መኳንንት የሚያዝዙት በስኳር የተሞላውን ነው። ደረቁን፣ ማለትም ስኳሩ የቀነሰውን፣ የፈለጉት እንግሊዞች ናቸው፤ ከምግብ በፊትና ከምግብ ጋር ሊጠጡት። ማዳም ፖምሪ የምትባል የራንስ ከተማ ባለሀብት ይህን አየችና የ1874ን ምርት ደረቅ አድርጋ አቀረበችላቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ደረቁ የዓለም ልማድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጣፋጩም ቢሆን አልጠፋም። ዴሚ ሴክ የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። በሊትር ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር አለው። ኬክ ሲቆረስ የሚከፈተው እሱ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ኤክስትራ ድራይ የሚለው ከብሩት ይበልጥ ይጣፍጣል እንጂ አይደርቅም። ስሙን አይተሽ እንዳትሸወጂ።

ወደ ዋጋው እንምጣ።

ሻምፓኝ የሚሠራበት ምድር ከፓሪስ በስተምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዋና ከተሞቹ ራንስና ኤፐርኔ ናቸው። የወይን እርሻው ወደ 34 ሺህ ሄክታር ነው፤ ለመላው ዓለም የሚቀርበው ከዚያችው መሬት ነው። አገሩ ብርድ አለው። ወይን በደንብ ሊበስል ከሚችልባቸው ቦታዎች የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ስለሆነ ፍሬው ኮምጣጣነቱን ሳይለቅ ይለቀማል። በብዙው ቦታ ከአፈሩ ሥር ነጭ ጠመኔ አለ። ዝናብ ሲበዛ ውሃውን ያሰርጋል፤ ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የያዘውን ለሥሩ ይሰጣል።

ለቀማው በእጅ ብቻ እንዲሆን ሕጉ ያዝዛል። ምክንያት አለው። ከሦስቱ ዋና ዋና የወይን ዓይነቶች ሁለቱ፣ ፒኖ ኗርና ሙኒዬ፣ ልጣጫቸው ጥቁር ነው። ነጩ ሻርዶኔ ብቻ ነው። ጥቁሩ ፍሬ ሳይፈርጥ ከደረሰና ቀስ ተብሎ ከተጨመቀ ጭማቂው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ከፈረጠ ግን ቀለሙ ይገባበታል። ጭማቂውም በልክ ነው፤ ከ4,000 ኪሎ ወይን ከ2,550 ሊትር በላይ መጭመቅ አይፈቀድም። የቀረው ሻምፓኝ አይባልም።

ጭማቂው መጀመሪያ ተራ ነጭ ወይን ጠጅ ይሆናል። አረፋ የለውም። ቀጭንና በጣም ኮምጣጣ ነው። እሱን ቢያቀምሷቸው ኖሮ እንግዶቻችሁ ፊታቸውን ከማጨማደድ አልፈው ይተፉት ነበር። ከዚያ ባለሙያው የተለያዩ መንደሮችንና የተለያዩ ዓመታትን ወይን ያቀላቅላል። ከባዱ ሥራ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ገና ጥሬ የሆነውን ነገር እየቀመሰ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን መገመት አለበት።

ቀጥሎ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። በሊትር 24 ግራም ያህል ስኳርና እርሾ ይጨመርበታል፤ ይከደናል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ ወደ 6 ባር ይደርሳል፤ የመኪና ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ጠርሙሱ ወፍራምና ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። ድሮ መስታወቱ ደካማ በነበረበትና የስኳሩም ልክ በማይታወቅበት ዘመን ጠርሙሶቹ በየምድር ቤቱ ይፈነዱ ነበር። አንዱ ሲፈነዳ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ሠራተኞቹ ፊታቸው ላይ የብረት ጭንብል አድርገው ነበር የሚገቡት።

እርሾው ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ወደ ታች ይዘቅጥና አተላ ይሆናል። ሌላ መጠጥ ቢሆን አተላውን ቶሎ ለይተው ይጥሉታል። እዚህ ግን ወይኑ ከነአተላው ጨለማ ውስጥ ይተኛል። ሕጉ ቢያንስ 15 ወር ምድር ቤት ይቆይ ይላል፤ ከዚያ ውስጥ 12ቱን ወር ከአተላው ጋር። ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት ከሆነ 3 ዓመት። ጥሩ ጥሩዎቹ ሻምፓኝ አምራች ቤቶች ከዚህም በላይ ያቆያሉ። ከሻምፓኝ የሚሸትሽ የትኩስ ዳቦ፣ የተቆላ ለውዝ፣ የቅቤ ብስኩት ሽታ የሚመጣው ከዚህ እንቅልፍ ነው። ዋጋውም ያለው እዚህ ነው። ገንዘቡን ዛሬ አውጥቶ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የሚሸጥ ነጋዴ ያንን ጊዜ አንቺ ላይ ይደምረዋል።

ምድር ቤቶቹን ማየት ግን ያስደስታል። ራንስ ውስጥ አንዳንዶቹ በጥንት ጊዜ ጠመኔ የተቆፈረባቸው ትላልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜያቸው አይለወጥም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በመድፍ ስትደበደብ ሰዉ ወርዶ እዚያ ኖሯል፤ ልጆችም እዚያው ተምረዋል። በ2015 ዩኔስኮ ከወይን ኮረብታዎቹና ከነጋዴዎቹ ቤቶች ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

አተላው እንዴት ይወጣል? ይህ ራስ ምታት የሆነ ጥያቄ ነበር። ጠርሙሱን ገልብጠሽ ወደ ሌላ ብታንቆረቁሪው ጋዙ ያመልጣል። መላውን ካገኙት ሰዎች ዋነኛዋ ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳን ናት። በ1805 ባሏ ሲሞት ገና 27 ዓመቷ ነበር። ንግዱን ተረከበች። የቤቱ ስም እስከ ዛሬ ቭቭ ክሊኮ ነው፤ የክሊኮ ባለቤት የነበረችው መበለት ማለት ነው። በ1816 አካባቢ ከምድር ቤት ባለሙያዋ ጋር ሆና ጠረጴዛ አስበሳች። ጠርሙሶቹ አንገታቸው ወደ ታች ሆኖ ቀዳዳው ውስጥ ይሰካሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዞራሉ፣ ይነቀነቃሉ። አተላው ተንሸራቶ ክዳኑ ላይ ይሰበሰባል። ዛሬ አብዛኛውን ማሽን ያዞረዋል። ከዚያ አንገቱ ይቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ሲነሣ በረዶ የሆነው አተላ በራሱ ግፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል። የጎደለው በወይንና በስኳር ይሞላል። ብሩት ወይም ዴሚ ሴክ የሚሆነው በዚች ደቂቃ ነው። ቡሽ ይመታበታል፣ ሽቦ ይታሰርበታል፣ አበቃ።

አጎትሽ የመነኩሴውን ታሪክ ሳይነግራችሁ አልቀረም። ሁሉም ይነግራል። ዶም ፔሪኞን ከ1668 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የኦቪሌ ገዳም መጋቢ ነበር። ሻምፓኝን እሱ ፈለሰፈው ይባላል። አልፈለሰፈውም። በሱ ጊዜ አረፋ እንደ ጉድለት ይታይ ስለነበር ሊያስወግደው ነበር የሚደክመው። ትልቅነቱ ሌላ ነው፦ የልዩ ልዩ ቦታ ፍሬዎችን በማዋሃድና ከጥቁር ወይን ንጹሕ ነጭ በማውጣት። ወይን ላይ ስኳር ጨምሮ እንዲፈላ ስለማድረግ ደግሞ ክሪስቶፈር ሜሬት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ውስጥ በ1662 ጽፎ አቅርቧል። ይህን ኤፐርኔ ውስጥ ጮክ ብለሽ ባትናገሪው ይሻላል።

ታዲያ ስም ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ከፊሉ ስም ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ለማስታወቂያ ብዙ ያወጣሉ፤ ያንን የምንከፍለው እኛ ነን። ግን ስሙ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1911 የወይን ገበሬዎቹ አመፁ። ነጋዴዎች ከሌላ ክልል ርካሽ ወይን እያስመጡ ሻምፓኝ ብለው ይሸጣሉ ብለው መጋዘን ሰበሩ፣ ወይኑን ጎዳና ላይ ደፉት። ጦር ሠራዊት ነው ያበረዳቸው። በ1936 ስሙ ከነወሰኑ በሕግ ጸና። ፈረንሳይ ውስጥ ከዚያ ወሰን ውጭ የተሠራ ወይን ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሻምፓኝ አይባልም።

ጥሩ የሚሆንበት ጊዜ ደግሞ አለ። ክሬማን የሚባለውን እወቂልኝ። በሌሎች የፈረንሳይ ክልሎች፣ በአልዛስ፣ በሎዋር፣ በቡርጎኝ፣ በሊሙ የሚሠራ ባለአረፋ ወይን ነው። አሠራሩ ያው ነው፤ ሁለተኛው መፍላት በዚያው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ከአተላው ጋር የሚቆየው ቢያንስ 9 ወር ነው። ዋጋው በጣም ይቀንሳል። የስፔኑ ካቫም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የጣሊያኑ ፕሮሴኮ ግን በአብዛኛው በትልቅ ጋን ውስጥ ነው የሚፈላው፤ ስለዚህ ፍሬ ፍሬ ይላል፣ ቀለል ያለ ነው። ከሱፐርማርኬት ከምትገዟቸው ርካሾች ብዙዎቹ ደግሞ ጋዙ ከውጭ የተጨመረባቸው ናቸው። መጠጣት ነውር የለውም። ከሻምፓኝ ጋር ማወዳደር ነው ልክ ያልሆነው።

ለ300 ሰው ሰርግ ሻምፓኝ መክፈት በኔ እምነት ገንዘብ መድፋት ነው። አንድ ጠርሙስ የሚያወጣው 6 ብርጭቆ ነው። ለአዳራሹ ክሬማን ወይም ፕሮሴኮ ይበቃል፤ ሻምፓኙ ለሙሽሮቹና ለቤተሰቡ ጠረጴዛ ይሁን። ፎቶ የሚያምር ነገር ከተፈለገ ማግነም አለ፤ 1.5 ሊትር ነው። ከሱ በላይ ያሉት ጠርሙሶች ስማቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የወሰዱት፦ ኢዮርብዓም 3 ሊትር፣ ማቱሳላ 6፣ ናቡከደነፆር 15። ናቡከደነፆርን የሚቀዳ ሚዜ ጡንቻ ያስፈልገዋል።

አከፋፈቱን በተመለከተ፣ እዚያ ባልኖርም ግማሹ ለምን እንደፈሰሰ እገምታለሁ። ጠርሙሱ በደንብ አልቀዘቀዘም፤ ተነቅንቋል፤ ቡሹም ጧ እንዲል ሆን ተብሎ ተለቋል። ሞቃት ወይን ጋዙን መያዝ አይችልም። ፍሪጅ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል ይቆይ። ከቸኮልሽ በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በደንብ ስለማይነካው ውሃውን አትርሺ። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቢው። ከተረሳ ይፈነዳል።

ስትከፍቺ አውራ ጣትሽ ቡሹ ላይ ይሁን። ሽቦውን ስድስት ጊዜ ያህል ታዞሪዋለሽ፤ ይላላል። አታውልቂው። ቡሹን ከነሽቦው ጨብጪ፣ ጠርሙሱን ሰው ወደሌለበት አዘንብዪው፣ ከዚያ ቡሹን ይዘሽ ጠርሙሱን አዙሪ። ቡሹ ራሱ መገፋት ይጀምራል። አንቺ መልሰሽ ተጫኚው። እፍ የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ከሰማሽ በትክክል ከፍተሻል። ጧ ማለቱ ለጭብጨባ ይመቻል፤ አውቃለሁ። ግን ዓይን ያጠፋል። ይህን ለማጋነን አይደለም የምለው፤ በሻምፓኝ ቡሽ ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች አሉ።

ብርጭቆው ቀጭንና ረጅም መሆኑ ለዓይን ያምራል፤ ለአፍንጫ ግን ቦታ አይሰጥም። ተራው የነጭ ወይን ብርጭቆ ይሻላል። ከግማሽ ትንሽ አልፎ ይቀዳ። ሳሙና ወይም ቅባት የቀረበት ብርጭቆ አረፋውን ይገድለዋል፤ በሙቅ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ። የአረፋውን ብዛት አይተሽ ግን በወይኑ ላይ አትፍረጂ። የራንስ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ምሁር ዤራር ሊዤ ቤለር እንዳሳየው፣ አረፋው በብዛት የሚነሣው ብርጭቆው ላይ ከቀሩ የፎጣና የአቧራ ጥቃቅን ክሮች ነው። ፍጹም የጸዳና የለሰለሰ ብርጭቆ ውስጥ ያው ወይን ዝም ሊል ይችላል።

የአገሩ ሰዎች ሻምፓኝን ለምረቃና ለሰርግ ብቻ አያስቀምጡትም። በፈረንጆች ጥር 22 ቀን የወይን ገበሬዎች ጠባቂ የሚሉትን የቅዱስ ቪንሰንትን በዓል ያከብራሉ። በየመንደሩ ማኅበሮቹ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ምስሉን ተሸክመው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ከዚያ ምሳ ይበላል። በምሳው ላይ ሻምፓኝ ከመጀመሪያው ሳህን ጀምሮ ይቀርባል፤ ለነሱ የምግብ ወይን ነው። ጣፋጭ ካማራቸውም ሮዝ ቀለም ያለው የራንስ ብስኩት አለ፤ ሻምፓኝ ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። የደረቀ ስለሆነ ለመንከር ይመቻል።

ከኛ ገበታ ምን ይሄዳል? ጨውና ቅባት። የተጠበሰ ዓሣ በጣም ጥሩ ነው። ትኩስ ሳምቡሳ፣ ቃሪያው ሳይበዛ። የተጠበሰ ዶሮ። ከሁሉም ርካሹ ደግሞ ጨው የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ነው፤ ሳትስቂ ሞክሪው። ዶሮ ወጥ ላይ አትክፈቺው። በርበሬና ጋዝ ሲገናኙ አፍ ይበልጥ ይቃጠላል፤ የወይኑም ጣዕም ድራሹ ይጠፋል። ለዶሮ ወጥ ጠጅ አለው።

አሁን ሁለተኛው ጠርሙስ። ዛሬውኑ ከቡፌው አውጪው። ሳሎን ውስጥ ያለ ብርሃንና ሙቀት ሻምፓኝን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ በተለይ ጠርሙሱ ነጭ መስታወት ከሆነ። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፈልጊለት። ላዩ ላይ ዓመት አልተጻፈበትም እንበል፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ያ ማለት ምድር ቤት የሚያስፈልገውን ጊዜ ጨርሶ ነው የወጣው። አስር ዓመት ብታቆዪው አይሻሻልም። በዚህ ዓመት ወይም በሚቀጥለው ይጠጣ። ዓመት ከተጻፈበት ሊቆይ የሚችል ነው፤ ያ ግን የሚሠራው እውነተኛ ምድር ቤት ላለው ሰው ነው።

እኔ ብሆን ሙሽሮቹን ቤት ስጠራ ነው የምከፍተው። አምስት ስድስት ሰው፣ ከምግብ በፊት፣ አፍ ገና ንጹሕ ሳለ። ከተረፈ አንገቱ ላይ ማንኪያ መስቀል ጋዙን አያቆየውም፤ ብዙ ሰው የሚያምንበት ወሬ ነው። ለሻምፓኝ የተሠራ ጨምድዶ የሚይዝ መክደኛ አለ። እሱን ገጥመሽ ፍሪጅ አስገቢው፤ በማግስቱም ይጠጣል።